የድራግ መኪና ካምቢዮ ኒውትራል፦ አስተካክሎ፣ ፈትሾ፣ ሳያቃጥሉ መጠቀም

«ሩጫውን ጨርሼ መስመሩን ካለፍኩ በኋላ ኒውትራል ላይ ጥዬ ብንሸራተት ምን ችግር አለው?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ኒውትራል ላይ ሆኖ መኪናዬ ወደፊት ይሳባል፤ ቫልቭ ቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ነው። (ቫልቭ ቦዲ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው የካምቢዮ ክፍል ነው።) ለሁለቱም እዚሁ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ኒውትራሉ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደሚያረጋግጡ፣ ከዚያ የት እንደሚጠቀሙበትና የት እንደማይነኩት።

ምሳሌ የማደርገው ፓወርግላይድን ነው። የጄኔራል ሞተርስ ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፤ በድራግ፣ ማለትም በአጭር ቀጥ ያለ መስመር ላይ በሚደረግ የፍጥነት ውድድር መኪኖች ላይ በብዛት ይገኛል። እንደ ቱርቦ 400 እና ቶርክፍላይት 727 ያሉት ባለ ሦስት ማርሾች የሚለዩበት ቦታ ላይ እነግርዎታለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይረዱ

ፓወርግላይድ ውስጥ ማርሽ የሚያስገቡት ሦስት ነገሮች ናቸው። ባንዱ (እንደ ቀበቶ የሚጠመጠም ብረት) ድራሙን (የሚዞረውን ከበሮ) አንቆ ሲይዝ አንደኛ ማርሽ ይገባል። የሁለተኛው ማርሽ ክላች ሲይዝ ሁለተኛ፣ ማለትም አንድ ለአንድ ይሆናል። የኋላ ማርሽ ክላች ሲይዝ መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ኒውትራል የሚባለው ሦስቱም ግፊት ሳይኖራቸው ሲቀር ነው። ትንሽ ግፊት ወደ አንዱ ካፈተለከ መኪናው ይሳባል።

ባለ ሦስት ማርሾቹ ላይ ግን አንድ ማርሽ ለማስገባት ቢያንስ ሁለት ነገሮች አብረው መያዝ አለባቸው። ይህ ማለት ኒውትራል ላይ አንዱ ግፊት ይዞ ቢቀር መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ ውስጡ ግን እየዞረ ነው። ቫልቭ ቦዲ ሲገዙ «ንጹሕ ኒውትራል አለው ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ንጹሕ ከሆነ ኒውትራል ላይ የትኛውም ክላች ግፊት አያገኝም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሪክ፣ አራት ጠንካራ የብረት መቆሚያዎችና የጎማ ታኮ
- ለሺፍተሩ (ለማርሽ መቀየሪያው) ኬብል የሚሆኑ ቁልፎችና ፒንሳ
- በኢንች-ፓውንድ የሚያነብ የቶርክ ቁልፍ
- እስከ 300 ፒኤስአይ የሚያነብ የዘይት ግፊት መለኪያ፣ ከረጅም ሆዝ ጋር
- ነጭ ቀለም ወይም ማርከር
- ከቫልቭ ቦዲው ጋር የመጣው የአምራቹ ወረቀት
- ሞተሩ ሲነሳ መሪው ላይ የሚቀመጥ አንድ ረዳት

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ ማንም ሰው መኪናው ሥር አይግባ። ከፊትና ከኋላም አይቁም። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። የሚዞር ጎማን በእጅ ለማቆም አይሞክሩ። የላላ ልብስና ጓንት ከሚዞር ሻፍት ይራቅ።

ደረጃ 1፦ የማርሽ ቅደም ተከተልዎን ይለዩ

ማኑዋል ቫልቭ ቦዲ፣ ማለትም ማርሹን ነጂው ራሱ በእጅ የሚቀይርበት፣ በሁለት ዓይነት ይመጣል። በአንደኛው ዓይነት ከኒውትራል ቀጥሎ ያለው ትልቁ ማርሽ ነው፤ አንደኛው ማርሽ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በተገላቢጦሹ ደግሞ ከኒውትራል ቀጥሎ አንደኛ ማርሽ ይመጣል፤ ትልቁ ማርሽ መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ሙሉ ነዳጅ ረግጠው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይሩ፣ እጅዎ አንድ ቀጭ ካለፈ ኒውትራል ውስጥ ይወድቃሉ። ሞተሩ ሸክሙን በአንዴ ያጣና ዙሩ ይተኮሳል። በተገላቢጦሹ ግን ዘንጉ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል፤ የሚያልፍበት ቦታ የለም። የመጀመሪያው ዓይነት ካለዎት ሺፍተርዎ ከትልቁ ማርሽ ወደ ኒውትራል እንዳያልፍ የሚያግድ መቆለፊያ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሳያረጋግጡ መስመር ላይ አይውጡ።

ደረጃ 2፦ መኪናውን ያንሱ

ጠፍጣፋ ኮንክሪት ላይ አራቱንም ጎማ አንስተው በመቆሚያ ያሳርፉ። የኋላውን ብቻ ካነሱ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ይዝጉ። ካሳረፉ በኋላ መኪናውን በሁለት እጅ ወዝወዝ አድርገው ይሞክሩት።

ደረጃ 3፦ ኒውትራልን ካምቢዮው ላይ ያግኙ

ብዙዎች ሺፍተሩ ላይ የተጻፈውን «ኤን» አምነው ይሳሳታሉ። ኒውትራል የሚገኘው ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ሺፍተሩ ጠቋሚ ብቻ ነው።

ኬብሉን ከካምቢዮው እጀታ ላይ ይፍቱ። እጀታውን በእጅዎ ወደ ፓርክ ጫፍ ድረስ ይውሰዱ። ከዚያ ቀጭ የሚለውን እየቆጠሩ ይመልሱ፤ መጀመሪያ ፓርክ፣ ቀጥሎ የኋላ ማርሽ፣ ሦስተኛው ኒውትራል ነው። አንዳንድ የውድድር ካምቢዮዎች ፓርክ የላቸውም። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ቆጠራው ከኋላ ማርሽ ይጀምራል።

እጀታውን ኒውትራል ላይ ትንሽ ወደፊትና ወደ ኋላ ነካ ነካ ያድርጉት። ውስጥ ያለው ሞላ ወደ መሃል ይመልሰዋል። የሚያርፍበትን ቦታ ኬዙ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ኋላ ጥርጣሬ ሲገባዎት ሺፍተሩን ሳይሆን ይህን ምልክት ነው የሚያዩት።

ደረጃ 4፦ ኬብሉን ያስተካክሉ

ሺፍተሩን ኒውትራል ላይ ያስገቡ። የካምቢዮውን እጀታ ምልክቱ ላይ ይተዉት። አሁን የኬብሉን ጫፍ እያጠበቁ ወይም እያላሉ ፒኑ ያለ ምንም ግፊት ቀዳዳው ውስጥ ጠብ እስኪል ድረስ ያስተካክሉ። ፒኑን ለማስገባት እጀታውን መግፋት ካስፈለገዎት ገና አልተስተካከለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እጀታው የሚያንቀሳቅሰው ማኑዋል ቫልቭ የሚባለውን ዘንግ ነው። ዘንጉ የዘይት መንገዶችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መሃል ላይ ካልተቀመጠ የአንዱ ማርሽ መንገድ በፀጉር ስፋት ክፍት ይቀራል። ክላቹ ወይም ባንዱ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ ሙሉ በሙሉም አይለቅም። በዚህ ሁኔታ ሸራው እየታሸ ይቃጠላል።

ደረጃ 5፦ ሌሎቹንም ማርሾች ይፈትሹ

ኒውትራል ተስተካከለ ማለት ሁሉም ተስተካከለ ማለት አይደለም። ሺፍተሩን በየማርሹ ያስገቡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ፒኑን አውጥተው መልሰው ያስገቡ። በሁሉም ላይ ያለ ግፊት መግባት አለበት። አንዱ ላይ ከተንገዳገደ ሺፍተሩ ላይ ያለው የእጀታ ርዝመት ወይም የኬብሉ መያዣ ቦታው ትክክል አይደለም።

ደረጃ 6፦ የሞተር ማስነሻ መከላከያውን ይሞክሩ

ሞተሩ መነሳት ያለበት በኒውትራል (ፓርክ ካለም በፓርክ) ብቻ ነው። የኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብም የሚሠራ የኒውትራል ማስነሻ መከላከያና ሺፍተሩ ላይ በድንገት የኋላ ማርሽ እንዳይገባ የሚያግድ መቆለፊያ ይጠይቃል።

የኢግኒሽኑን ኃይል ይቁረጡ፤ ሞተሩ እንዳይነሳ። ፍሬን ይርገጡና በየማርሹ ሞተሪኖውን ይሞክሩ። በአንደኛ፣ በሁለተኛና በኋላ ማርሽ ሞተሪኖው ዝም ማለት አለበት። እዚህ ላይ መከላከያውን በሽቦ አልፈው የሚያገናኙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እባክዎ አያድርጉት። የድራግ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ከተነሳ መኪናው ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይገፋል።

ደረጃ 7፦ ሞተሩ እንደጠፋ ሻፍቱን በእጅ ያዙሩ

ሻፍቱ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ ነው። ይህ ፍተሻ ጥሩ ነው፤ ግን ምን እንደሚነግርዎት ይወቁ። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ አይዞርም፣ ግፊትም የለም። ከፓርክ በስተቀር የትኛውም ማርሽ ላይ ቢሆን ካምቢዮው በተግባር ኒውትራል ነው። ስለዚህ «በእጄ አዙሬው ነፃ ነው፤ ኒውትራሉ ደህና ነው» የሚባለው ስህተት ነው። በጣም የተለመደ ስህተትም ነው።

ይህ ፍተሻ የሚነግርዎት የብረቱን ሁኔታ ብቻ ነው። ሻፍቱ ከብዶ የሚዞር ከሆነ ባንዱ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ወይም የክላቹ ሸራ ተጣሞ አልያም ተጣብቆ ይሆናል። ያንን ሳያስተካክሉ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ደረጃ 8፦ ሞተሩን አስነስተው ይፈትሹ

ዋናው ፍተሻ ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። ረዳትዎ መሪው ላይ ይቀመጥ፤ እግሩ ፍሬን ላይ፣ እጁ ኢግኒሽን ማጥፊያው አጠገብ ይሁን። ዘይቱ እስኪሞቅ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ያሠሩት። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ምንም ብልሽት ሳይኖር ጎማውን ቀስ እያለ ሊያዞረው ይችላል።

ሲሞቅ ኒውትራል ላይ እንዳለ ፍሬኑን ይልቀቅ። ጎማዎቹ ከቆሙ መልካም። ከዞሩ ፍሬኑን በቀስታ ይርገጥና ዙር መቁጠሪያውን ይይ። ጎማው ወዲያው ቆሞ የሞተሩ ዙር ካልወረደ የዘይት መጎተት ብቻ ነው፤ አያሳስብም። ፍሬኑ ሲረገጥ ሞተሩ ከከበደውና ዙሩ ከወረደ ግን አንድ ነገር በትክክል ይዟል።

ቀጥሎ ሺፍተሩን ኒውትራል ውስጥ ሳለ ከቦታው ሳያወጡት ወደፊትና ወደ ኋላ ይነካኩት። በዚህ ጊዜ ጎማው ዞር ካለ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ።

ጎማው ወዴት እንደሚዞር በደንብ ይመልከቱ፤ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል። ወደ ኋላ ከዞረ ጥፋቱ ያለው የኋላ ማርሽ ክላች ላይ ነው። ወደፊት ከዞረ ባንዱ ወይም የሁለተኛው ማርሽ ክላች ነው። ሁለቱን ለመለየት የሻፍቱን ዙር ከሞተሩ ጋር ያወዳድሩ። ሻፍቱ ከሞተሩ ጋር እኩል ለመዞር ከተጠጋ ክላቹ ነው። የሞተሩን ከግማሽ ትንሽ በልጦ ከቀረ ባንዱ ነው፤ ምክንያቱም መደበኛው አንደኛ ማርሽ 1.76 ነው።

ደረጃ 9፦ ባንዱን ያስተካክሉ (ወደፊት የሚሳብ ከሆነ)

የፋብሪካው መጠን ግልጽ ነው። የባንዱን ማስተካከያ ብሎን በ70 ኢንች-ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 8 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት። ከዚያ በትክክል 4 ዙር ይመልሱት፤ ባንዱ አዲስ ከሆነ 3 ዙር። ዳዶውን ሲያጠብቁ ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር ይያዙት። የውድድር ባንድ ካስገቡ ግን የአምራቹ ወረቀት ይበልጣል።

ባንድ ማጥበቅ ማርሹን ቶሎ ያስገባል ብለው አንድ ዙር የሚጨምሩ አሉ። የሚያገኙት ኒውትራል ላይ የሚታሽ ባንድና ትልቁ ማርሽ ላይ የሚጎትት ድራም ነው።

ባንዱም ኬብሉም ትክክል ሆኖ አሁንም ከተሳበ የግፊት መለኪያውን ያምጡ። ኬዙ ላይ ለባንዱ ሰርቮ (ባንዱን በዘይት ግፊት ለሚያስይዘው ፒስተን) የሚያደርስ የመለኪያ ቀዳዳ ካለ ሆዙን እዚያ ያስሩ። ኒውትራል ላይ ዜሮ ማንበብ አለበት። ግፊት ካነበበ ጓርኒሲዮን በተሳሳተ ቦታ ገብቷል፣ ወይም ቫልቭ ቦዲው ውስጥ መንገድ ያፈሳል፤ መውረድ አለበት። ዜሮ ካነበበና መኪናው ከተሳበ የሁለተኛውን ማርሽ ክላች ይጠርጥሩ።

ደረጃ 10፦ የትራንስብሬኩን ቁልፍ ገና መቆሚያ ላይ ሳለ ይሞክሩ

ትራንስብሬክ መኪናውን መነሻ መስመር ላይ በካምቢዮው የሚያቆም ፍሬን ነው፤ የሚሠራው አንደኛ ማርሽንና የኋላ ማርሽን አብሮ በማስያዝ ነው። ኒውትራል ላይ ግን አንደኛ ማርሽ የለም። ታዲያ ቁልፉ ሲነካ የኋላ ማርሽ ክላች ብቻውን ግፊት ካገኘ ምን ይሆናል? መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ እንደ ቫልቭ ቦዲው አሠራር ይለያያል። ስለዚህ ጎማው አየር ላይ እያለ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ኒውትራል ላይ ቁልፉን አንዴ ይንኩት። ጎማው ከዞረ ኤሌክትሪኩ አንደኛ ማርሽ ላይ ብቻ እንዲደርስ በሺፍተሩ ላይ ማብሪያ ያስገቡ።

መስመር ላይ፦ ኒውትራል የማይነካባቸው ቦታዎች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። መልሴ አጭር ነው፤ በፍጥነት ላይ ሆነው ኒውትራል አያስገቡ። ለምን የሚለውን በቁጥር ላሳይዎት።

አንደኛ ማርሹ 1.76 የሆነ ፓወርግላይድ ላይ፣ ኒውትራል ውስጥ የድራሙን ዙር ለማግኘት የሻፍቱን ዙር በ1.76 ያባዙ፤ የሞተሩን ዙር ይቀንሱ፤ የቀረውን ለ0.76 ያካፍሉ። በሰዓት 150 ማይል የሚሄድ፣ ባለ 32 ኢንች ጎማና 4.10 ዲፈረንሻል ያለው መኪና ሻፍቱ በደቂቃ ወደ 6,450 ዙር ይዞራል። ኒውትራል ሲያስገቡ ሞተሩ ወደ 1,200 ይወርዳል። ሂሳቡን ሲሠሩት ድራሙ በደቂቃ ወደ 13,350 ዙር ይደርሳል።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቢተዉት ኖሮ ድራሙ ከሻፍቱ ጋር እኩል፣ 6,450 ላይ ይቆይ ነበር። ኒውትራል ከእጥፍ በላይ አደረገው። በዚያ ላይ ከክላቹ ግማሹ ከድራሙ ጋር፣ ግማሹ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ካለው ከግብዓቱ ዘንግ ጋር ነው የሚዞረው። በመካከላቸው ከ12,000 ዙር በላይ ልዩነት አለ። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ ዘይቱም በዚያው ሰዓት ትንሽ ነው። ሸራው ይቃጠላል፤ ደካማ ድራም ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ካምቢዮው ያለው እግርዎ አጠገብ እንደሆነ አይርሱ። የኤስኤፍአይ 4.1 (የውድድር ዕቃ ደህንነት) ደረጃ ያለው የካምቢዮ መከላከያ ሽፋን የሚታሰረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ መስመሩን ሲያልፉ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፤ ማርሹን ትልቁ ላይ ይተዉት፤ በፍሬን (ፓራሹት ካለም በፓራሹት) ያቁሙ። ወደ አንደኛም አይመልሱት። ኒውትራል የሚገባው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።

ነዳጁ ተይዞ አልመለስ ካለ ግን መጀመሪያ ኢግኒሽኑን ይቁረጡ። እሱም እምቢ ካለ ያለ ማመንታት ኒውትራል ያስገቡ። በዚያች ሰዓት ስለ ካምቢዮው አያስቡ።

ቆሞ ኒውትራል ላይ ሞተር ማስጮህም ያው ነው። ሻፍቱ ቆሞ ሞተሩን 7,000 ካደረሱት ድራሙ ወደ 9,200 ዙር ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ሞተሩን ማሞቅ ካስፈለገ በዝቅተኛ ዙር ያሙቁት።

ከኒውትራል ዙር ሰጥቶ አንደኛ ላይ መጣልማ ከሁሉም የከፋ ነው። በተለይ ቶርክፍላይት 727 ያለዎት ሰዎች ይህን በደንብ ይያዙልኝ። አንደኛ ማርሽ ላይ የሚይዘው ስፕራግ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር መቆለፊያ) በዚያ ምት ሊሰበር ይችላል። ስፕራጉ ተሰብሮ ባንዱም ካልያዘ፣ የፊተኛው ድራም ከሞተሩ ዙር ከእጥፍ በላይ ይሽከረከራል። 6,000 ላይ ያለ ሞተር ድራሙን ከ13,000 በላይ ያደርሰዋል፤ ፈንድቶ ኬዙን ቀዶ ይወጣል። ለ727 ቫልቭ ቦዲ ሲመርጡ አንደኛ ማርሽ ላይ ባንዱንም አብሮ የሚያስይዘውን ይግዙ።

በየጊዜው መልሰው የሚያዩት

ካምቢዮው በወረደ ቁጥር፣ የሞተር መያዣ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ደረጃ 3 እና 4ን ይድገሙ። የጎማ መያዣዎች ሲያረጁ ሞተሩ በሸክም ከቦታው ከፍ ሲል ካምቢዮውም ይንቀሳቀሳል፤ ኬብሉን ይጎትተዋል። ጋራዥ ውስጥ ልክ የነበረው ኒውትራል ሸክም ሲመጣ ይሸሻል። ኬብሉ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ መራቁንም ያረጋግጡ። ሽፋኑ ከቀለጠ ኬብሉ ይከብዳል፤ እጀታውም ሳያርፍ መንገድ ላይ ይቀራል።

መኪናውን ከመስመሩ ወደ ማቆሚያ ሲያስጎትቱ ኒውትራል ላይ ያድርጉት፤ ግን በእግር መንገድ ፍጥነት። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ ፓምፑ ዘይት አይገፋም። ከዚያ ለራቀ መንገድ ሻፍቱን ይፍቱ፣ ወይም መኪናውን ተጎታች ላይ ይጫኑት። ተጎታች ላይ በዊንች ሲስቡም ኒውትራል ያስፈልግዎታል፤ ከወጣ በኋላ በማሰሪያ ይታሰር እንጂ በፓርክ ብቻ አይተዉት። የፓርክ ጥርሷ ትንሽ ናት፤ የመንገዱን ንዝረት ሁሉ አትችልም።